ተከራይ እስኪገኝ

ሐሙስ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

ሰዓቱ ከፀጉር ሠሪዋ አእምሮ የማይወጣው ለእናቷ የአራት ሰዓቱን ክኒን ገና ማስዋጧ ስለነበር ነው። ክኒኑን ሰጥታ፣ ከአልጋ አውርዳ፣ ፖፖው ላይ አስቀመጠቻት። በአንድ እጇ የእናቷን ቀሚስ ሰብስባ፣ በሌላው ጀርባዋን ደግፋ ሳለች ቁልፍ በበሩ ውስጥ ዞረ። የእነሱ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሌላ ቁልፍ መኖሩን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የገባው ሽታው ነው፤ ደረጃው ላይ ሳለ የሚጀምር፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽቶ። ከሽታው ኋላ አንድ ጎልማሳ የቁልፍ ዘለላ እያንቀጫቀጨ ገባ፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ ጃንጥላ ያንጠለጠለ ረዥም ሰውዬ።

«ይኸውልህ» አለ ባለሽቶው ለሰውዬው። «ሰፊ ነው። መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያስገባል። ወጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ የእናቷን ቀሚስ ለቅቃ በገዛ ገላዋ ጋረደቻት። እናትየዋ ግን እዚያው ፖፖ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ቀና አደረገችና «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» አለች። «ቤቱ እንዲህ መሆኑን አትዩብኝ። ታምሜ ነው እንጂ እንዲህም አልነበር።»

«አይነሡ ማዘር» አለ ባለሽቶው። «የምናየው ቤቱን ነው።»

ረዥሙ ሰውዬ እንኳ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባለሽቶው ወጥ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ፤ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ አሳየ፤ ቁም ሳጥኑንም ከፍቶ የእናትየዋን ቀሚሶች ወደ ጎን ገፋ አደረገና ጥልቀቱን በክንዱ ለካው። ከዚያ እንደገባው ወጣ። በሩን እንኳ መለስ አላደረገውም።

«ምን ይሉናል?» አለች እናትየዋ፣ ልጇ አልጋው ላይ ስትመልሳት። «ወለሉ አልተጠረገ፣ አልጋው አልተነጠፈ። ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ።»

«እኔስ መች አወቅኩ እማዬ።»

«ሰው ሲመጣ ቤት ይጠረጋል።» ይህን ያለችው እንደ ትእዛዝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮም ያንን ሰውዬ ቤት ውስጥ «ሽቶው» አሉት።

እናትየዋ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ መጋረጃ ሰፊ ነበረች። የሰውን ቤት የምታውቀው በመስኮቱ ነው። መንገድ ለመንገድ ሲሄዱ አንገቷን ቀና አድርጋ «ያንን ያለበስኩት እኔ ነኝ» ትላለች፣ ልክ የዳረችው ልጇ እንደሆነ ሁሉ። አጠገቡ ያለው ራቁቱን የቀረ መስኮት ከሆነም ከንፈሯን ትመጣለች። «መስኮት የቤት ፊት ነው። ፊቱን ሳይታጠብ አደባባይ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።» የራሷ ቤት መስኮት አንድ ነው፤ ትልቅ፣ መንገዱን ከላይ የሚያይ። አልጋዋም ከሥሩ ነው። ደም የመሰለ ቀይ መጋረጃ ሰፍታለት ነበር፤ ማንም ቤት ያልሰቀለችውን ዓይነት።

ሐኪሙ ፀጉር ሠሪዋን ወደ ጎን ጠርቶ «ወደ ቤቷ ውሰጃት፤ አፏ የፈለገውን ስጫት» ብሏታል። ይህ ቃል ለማን እንደሚባል የማያውቅ የለም። የእናቷ አፍ ግን ምንም አልፈለገም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከዚህ አልጋ አታስነሺኝ። ነፍሴ እዚሁ ትውጣ።»

ሕንፃውን የሠራችው አሮጊት በሕይወት ብትኖር ይህ ነገር ባልመጣ። አሮጊቷ ምድር ቤት ነበር የምትኖረው፤ ተከራዮቿን በእግራቸው ኮቴ ትለያቸው ነበር። እሷ ስትሞት ወራሾቿ አንድም ቀን ሳይመጡ ሕንፃውን ለቤት አከራይ ድርጅት ሰጡት። ድርጅቱም መጀመሪያ የሠራው ሥራ በሩ ላይ ስሙን መለጠፍ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሁሉንም በር ቁልፍ ማስቀረጽ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ሐሙስ ዕለቱን ወደ ድርጅቱ ሄደች። ደሟ ፈልቶ፣ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ። ሥራ አስኪያጇ በዕድሜ ከእሷ ብዙም አትበልጥም። ፀጉሯ በጥሩ እጅ የተሠራ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ ሳትወድ አየችው። ጠረጴዛው ላይ የከረሜላ ሳህን አለ።

«ይውሰዱ» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ሳህኑን እየገፋች።

«ከረሜላ ፍለጋ አልመጣሁም። ሰው ቤት ሳያንኳኩ ይገባል እንዴ?»

«ቤቱ የባለቤቶቹ ነው። እኛ የእነሱ ወኪል ነን። ባለቤቶቹ ደግሞ ቤቱን ለአዲስ ተከራይ እንድንሰጥ ይፈልጋሉ፤ ይህን አስቀድመን አሳውቀናል።»

«እናቴ ልትሞት ነው።»

«እግዜር ይማርልዎ» አለች ሥራ አስኪያጇ። ከዚያም ጠየቀች፤ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ምኑ?»

«የእናትዎ ነገር። ለባለቤቶቹ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እንዳውቅ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ ትሰማለች። ቀለም ሲቀቡ፣ ጸጉር ሲጠቀልሉ፣ ከመስተዋቱ ፊት የተቀመጠ ሁሉ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ይላል። እሷም ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ነው። «እንደ ጸጉሩ ነው» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። «አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ እንደሚያዝን ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተከራይ እስኪገኝ ይቀመጡ። እኛ ቤቱን ማሳየት በፈለግን ጊዜ ሰው ይዘን እንገባለን፤ እርስዎ አይከለክሉም። ቤቱን የወደደ ሰው በተገኘ ማግስት ግን ይለቃሉ። ከዚህ በላይ ሌላ ድርጅት አያደርግልዎም።»

ፀጉር ሠሪዋ «እሺ» አለች። ስትወጣ ሥራ አስኪያጇ ከኋላዋ «ቤቱንም ደህና አድርገው ይያዙልን» አለቻት።

ለእናቷ ግን ይህንን አልነገረቻትም። ምን ብላ ትንገራት? «ቤቱን ሊያድሱት ነው» አለቻት። «ሽቶው የሚያመጣቸው ሠራተኞች ናቸው። የሚፈርሰውንና የሚቀባውን ሊያዩ ነው።»

«ጎሽ» አለች እናቷ። «ጣሪያውም ነገር ይፈልጋል።»

ፀጉር ሠሪዋ የዋሸችው ውሸት እንዲህ ዞሮ እንደሚነክሳት አላወቀችም። እናትየዋ «ሰው ሲመጣ ቤት ይጠረጋል» ብላለችና፣ ሰው መቼ እንደሚመጣ ደግሞ አይታወቅምና፣ ቤቱ በየማለዳው ይጠረግ ጀመር። ፀጉር ሠሪዋ ሥራ ከመሄዷ በፊት ወለል ትወለውላለች፤ ብርጭቆ ታጥባለች፤ እናቷ ከአልጋዋ ሆና «ከአልጋው ሥር ረሳሽው» ትላለች። ዓይኗ ደክሟል እንጂ ጆሮዋ መጥረጊያው የት ደርሶ የት እንደተመለሰ ይሰማል። መስኮቱን ደግሞ አጠገቧ ስላለ ራሷ በጣቷ ነው የምትመረምረው፤ ጣቷ ሲንሸራተት ካልጮኸ አልጸዳም ማለት ነው።

ሽቶውም መጣ። ደግሞም መጣ። አንዴ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዴ ሻንጣ የያዘች ሴትዮ፣ አንዴ ገብቶ ምንም ሳይናገር አልጋው የቆመበትን ቦታ በእርምጃ ለክቶ የወጣ ሽማግሌ። ሁሉንም እናትየዋ «ግቡ ልጆቼ» አለቻቸው። አንዳንዶቹ እጅ ነሡ፤ አንዳንዶቹ ዝም አሉ። ሽቶው አንድም ቀን አልመለሰላትም። አንድ ቀን ግን ለፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ እንዲህ አላት፤ «ቤታችሁን አደንቃለሁ። ሌላው ቤት ስወስዳቸው አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚወጡት። እዚህ ግን ደስ ይላቸዋል። በዚህ አያያዝሽ ቶሎ ነው የሚከራየው።»

በእጇ የወለል ጨርቁ ውሃ ያንጠባጥባል።

ከእነሱ ሥር፣ አሮጊቷ ትኖርበት በነበረው ቤት ትይዩ፣ ጫማ ሰፊው አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከመዶሻው ጋር ነው የሚኖረው። እናትየዋ በጤናዋ ጊዜ «ጆሯችንን ሰፋኸው» እያለች በየቀኑ ስትነዘንዘው ኖራለች፤ እሱም «እትዬ፣ እኔ ብመታ ጫማ ነው፤ እርስዎ የሚመቱት ሰው ነው» ይላታል። ሲጣሉ የኖሩ ጎረቤት እንደሚዋደደው ይዋደዱ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ እውነቱን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው።

ጫማ ሰፊው ሰምቶ ሲያበቃ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ቤቱን የወደደ ሰው ከመጣ እናትሽ ከአልጋዋ ትነሣለች። አንቺ ደግሞ ሰው እንዲወደው በየጠዋቱ ትወለውያለሽ። እናንተ ሰዎች ማንም ሳይገፋችሁ በገዛ መጥረጊያችሁ ራሳችሁን ጠርጋችሁ ልታወጡ ነው እኮ።»

«ምን ላድርግ? እናቴን ታውቃታለህ።»

«አውቃታለሁ። አይጥ ላምጣልሽ?»

ሳቅ አመለጣት። ከስንት ቀን በኋላ ነው።

«የምሬን ነው። አይጥ ካልሆነ ደግሞ እኔ አለሁ። ለሽቶ መድኃኒቱ የረጠበ ቆዳ ነው፤ ደረጃው ሥር እዘፈዝፋለሁ። የቁልፉን ድምፅ ስሰማ ደግሞ መዶሻዬን አነሣለሁ። ከእኔ በላይ የሚተኛ ሰው ካለ ይምጣ።»

እንዳለውም አደረገ። ሽቶው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ደረጃውን ሲጀምር፣ ከሥር ጫማ ሰፊው ባዶውን ብረት ይወቅጣል። መስፋቱም አይደለም፣ መጠገኑም አይደለም፤ ዝም ብሎ ይወቅጣል። ተማሪዎቹ በእሱ ነው የሄዱት። ሻንጣ የያዘችዋም ሴትዮ ጆሮዋን ይዛ ወረደች። ሽቶው ለእያንዳንዱ «ቀን ቀን ብቻ ነው» ይላል፤ ሲወርድ ደግሞ ለጫማ ሰፊው «አንተም ተራህ ይደርሳል» ይለዋል። «እኔ ቤት ና እንጂ» ይላል ጫማ ሰፊው፤ «ነጠላ ጫማ እሰፋልሃለሁ። በኮቴህ እንኳ እንዳይሰሙህ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ጊዜ ገዙ። እናትየዋ መድከሟን ቀጠለች። ግማሽ ስኒ ሾርባ ከብዷት የምትመልስበት ቀን መጣ። ፀጉር ሠሪዋ አሁን የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጊዜ። የሰው ልጅ እናቱ፣ ተከራይ ሳይቀድማት፣ ቶሎ እንድትሞት የሚለምንበት ቀን እንደሚመጣ ማን ይነግረዋል። ሽቶውን ጠላችው። የቤቱን ውበት ጠላችው፤ ፀሐይ የሚያስገባውን መስኮት፣ ቀዩን መጋረጃ። አንዳንድ ጠዋት የእናቷንም «ከአልጋው ሥር ረሳሽው» ማለት ጠላች።

አንድ ሰኞ ማጽዳት አቆመች።

ሳህን አላጠበችም። ወለሉን አልነካችም። ልብስ በየወንበሩ ላይ ጣለች። እናቷ ስትጠይቃት «ውሃ ጠፍቷል» አለቻት። ማክሰኞ ማታ፣ ራት ስታቀርብላት፣ እናቷ ጣቷን በመስኮቱ ደፍ ላይ ስባ አነሣችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ መሆኑንማ አወቅኩ። እዚህ ምን ይሠራል?»

«ውሃ የለም አልኩሽ እኮ።»

«ቧንቧው ሲንጠባጠብ እየሰማሁ?»

ፀጉር ሠሪዋ ማንኪያውን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ሰዎቹ ቤት አዳሾች አይደሉም።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ቀለም ቀቢ ሽቶ ተቀብቶ አይቼ አላውቅም» አለች እናቷ። «ደግሞም ቤት የሚያድስ ሰው ግድግዳ ነው የሚነካካው። እነዚህ የሚነካኩት ቁም ሳጥኔን ነው። ያ ሽማግሌ አልጋዬን በእርምጃ ሲለካ የእሱን አልጋ እያሰበ ነበር። ቤት ለማየት የመጣን ሰው እኔ አላውቅም እንዴ? ስንቱ ቤት ገብቼ መስኮት ለክቻለሁ።»

«እያወቅሽ ነው እንግዲህ የምታስወለውይኝ?»

«አዎ።»

«ተከራይ ከተገኘ ማግስቱን እንወጣለን። ገባሽ? ከዚህ አልጋ ትነሻለሽ ማለት ነው። አታስነሺኝ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሁለቱንም እፈልጋለሁ» አለች እናቷ፣ ዕቃ እንደሚያዝዝ ሰው። «እዚሁ መሞት እፈልጋለሁ። ቤቴም ቆሽሾ እንዲታይብኝ አልፈልግም። ሁለቱን ማስማማት ያንቺ ፈንታ ነው። ልጅ ለምን ይወለዳል?»

ፀጉር ሠሪዋ ተነሣች። «አላጸዳም» አለች። «ቆሻሻ ናቸው ይበሉን። ገማ ይበሉ። አላጸዳም።»

«እንግዲያው እኔ አጸዳለሁ።»

«በየትኛው እግርሽ?»

እናትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሾርባው እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

ረቡዕ ጠዋት ሳይነጋገሩ ተለያዩ። ፀጉር ሠሪዋ ክኒኑን ሰጠቻት፤ እናቷ ዋጠችው፤ ሌላ የለም። ከመውጣቷ በፊት ጨርቁንም ባልዲውንም መጥረጊያውንም ወጥ ቤት ውስጥ አስገብታ በሩን ቆለፈችበት። ክፉ አስባ አይደለም። እናቷን የምታውቅ ልጅ ስለሆነች ነው።

እኩለ ቀን ሳይሆን፣ የደንበኛ ጸጉር ግማሹን ጠቅልላ ግማሹ ሲቀራት፣ ጫማ ሰፊው ሽርጡን እንደታጠቀ የፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመ። በሕይወቱ እዚያ ገብቶ አያውቅም።

«ነይ» አላት።

«ምነው?»

«ነይ አልኩሽ እኮ።»

መንገድ ላይ እየሮጡ ነው የነገራት፤ ቃሉ እየተቆራረጠ። «ሽቶው ባልና ሚስት ይዞ መጣ። እኔም እንደ ልማዴ መዶሻዬን አነሣሁ። ወቀጥኩ፣ ወቀጥኩ። እንዲያውም ዛሬ አብዝቼ ወቀጥኩ። የወደቀችው ያኔ ነው መሰለኝ። እኔ አልሰማሁም። ከራሴ ድምፅ ሌላ ምን እሰማለሁ።» ቆም ብሎ ተነፈሰ። «ሲወርድ ነው የነገረኝ። 'ላይ ያሉት ሴትዮ መሬት ላይ ናቸው፤ ልጃቸውን ብትጠራ ጥሩ ነው' አለኝ። መቼ ነው የወደቁት አልኩት። 'ስንገባም እንደዚያው ነበሩ' አለኝ።»

«ሲገቡ?»

«ሲገቡ።»

«ታዲያ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤቱን አሳያቸው።»

እናትየዋ ከመስኮቱ ሥር በጎኗ ተኝታለች። አንድ እግሯ መዞር ወደማይገባው ዞሯል። ጭንቅላቷ አልተሸፈነም፤ ባዕድ ፊት ያለ ሻሽ ወጥታ የማታውቅ ሴት። ሻሿን በእጇ ጨብጣዋለች፤ በአቧራ ጠቁሯል። ጨርቁ ሲቆለፍባት የራስዋን ሻሽ አውልቃ ነው መስኮቱን የያዘችው። መስኮቱ ግማሹ ጠርቷል። ግማሹ እንደነበረ ነው። ከመካከሉ ጀምሮ እጇ ተንሸራቶ የወረደበት መስመር አለ።

«እማዬ።»

«መጣሽ?» አለች። ነቅታለች። «ሽቶው ሸተተኝ። ደረጃው ላይ ሳሉ መስኮቱን ላደርሰው ነበር እኮ።»

«ዝም በይ፣ አትናገሪ።»

«ግቡ አልኳቸው። ከመሬት ሆኜ ግቡ አልኳቸው። የሴትየዋን ጫማ ብቻ ነው ያየሁት። ጥሩ ጫማ ነበር።» ሻሿን ወደ ደረቷ ሳበች። «ልታነሣኝ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ምስኪን። ያ ሰውዬ 'አይንኳቸው፣ ኃላፊነት ያመጣብናል' አላት።»

ጫማ ሰፊው ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወንበር አመጣና፣ እሱ ከኋላ፣ ልጅቷ ከፊት፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ደረጃውን አወረዷት። በእያንዳንዱ ደረጃ ታቃስታለች። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ አቁሙኝ አለች። የሚያማት መስሏቸው አቆሙ።

«ምን አሉ ሰዎቹ?»

ፀጉር ሠሪዋ ጫማ ሰፊውን አየችው። እሱ በዓይኑ መለሰላት።

«ወደዱት» አለች።

«አላልኩሽም?» አለች እናቷ።

ሆስፒታል የዳሌዋ አጥንት ተሰብሯል ተባለ፤ በዚህ ዕድሜና በዚህ ደዌ ላይ የሚደረግ ነገርም የለም ተባለ። ክፍል ስላልነበር ኮሪደር ላይ፣ ከግድግዳ ጋር አስጠግተው አስተኟት። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ ግድግዳ ነው። እናትየዋ መዳፏን ዘርግታ ስንዝር በስንዝር ትለካዋለች፤ ጥግ ትደርስና ትመለሳለች። ሰው ያልፋል፤ አልጋ ይገፋል፤ የማያውቋት ሰዎች ምሳቸውን ይዘው በላይዋ ያወራሉ። ማንንም ግቡ አላለችም። ቤቷ አይደለም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚያው ኮሪደር ላይ አረፈች። መዳፏ ግድግዳው ላይ ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ቅዳሜ ማለዳ ለመገነዣ የሚሆን ንጹሕ ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት ሄደች። ገና ደረጃው ላይ ሳለች ሽቶው ሸተታት። ዕቃቸው ኮሪደሩ ላይ ወጥቷል። ምጣድና ድስቱ በካርቶን፣ ቀሚሶቹ በፌስታል። የእናቷ አልጋ ተፈትቶ፣ እግሩ ለብቻው ራስጌው ለብቻው፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሽቶው ከውስጥ ወጣ። «ደወልን ደወልን፣ አላነሣሽም» አለ። «ሰዎቹ ሰኞ ይገባሉ። ተከራይ እስኪገኝ ነበር ስምምነቱ፤ ተገኘ። ለነገሩ እናትሽም ሆስፒታል ናቸው፣ አልጋው ባዶ ነው ብለን ነው።»

«ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር» አለ። ቁልፎቹን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እኔ ሥራዬን ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ እንደቆመች አየችው።

«ስትገቡ መሬት ላይ ነበረች።»

«እኔ አልጣልኳቸውም።»

«አልጣልካትም። ግቡ አላለችህም?»

«አሉ።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ በመጣህ ቁጥር፣ ግቡ አላለችህም?»

«አሉኝ አልኩሽ እኮ።»

«አንድ ቀን እንኳ ምን ብለህ መለስክላት?»

ሽቶው ቁልፎቹን አየ። «ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ።

በአጠገቡ አልፋ ገባች። ክፍሉ ባዶውን ትልቅ ሆኗል። የቀረው መጋረጃው ብቻ ነው። ሽቶው ከኋላዋ ተከትሏት ገብቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «መጋረጃውን እንኳ ብትተዪው ጥሩ ነበር። ሴትየዋ በጣም ነው የወደደችው።»

ወንበር ሳበች። ወጣችበት። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ከብረቱ አወጣች፤ መጋረጃውን አወረደች፤ እናቷ እንዳስተማረቻት ጠርዙን ከጠርዝ አጋጥማ አጠፈችው። ፀሐይዋ ክፍሉን ሞላችው። በመስኮቱ ላይ የጠራው ግማሽና ያልጠራው ግማሽ፣ ከመሐል የወረደውም መስመር፣ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ሽቶው መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

«ተው» አለችው።

«ልጠርገው ነው።»

«አውቃለሁ። እጅህን አንሣ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱ ግን መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ልትወጣ ስትል «ቁልፉስ?» አላት።

«ሌላ አለህ» አለችው። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ተወችው።

መጋረጃውን በብብቷ ይዛ ስትወርድ ጫማ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። መዶሻው መሬት ላይ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ አላነሣውም። ልብሱንም፣ አልጋውንም፣ ካርቶኑንም እሱ ቤት አስቀመጡት፤ ከዚያም አብረው እናትየዋን ከሆስፒታል ሊያወጡ ሄዱ።

ሰኞ ዕለት አዲሶቹ ተከራዮች ገቡ። የቀረውን የመስኮቱን ግማሽ ሚስትየዋ ወለወለችው።